ያ ስኩዌር ከየት መጣ? የማስና የኢነርጂን እኩልነት በወረቀትና በእስክሪብቶ ማውጣት

«ጋሼ፣ እሺ፣ ኢ ኢኩዋል ቱ ኤም ሲ ስኩዌር። ግን ስኩዌሩ ከየት መጣ?»

ጠያቂዋ 11ኛ ክፍል የምትማር የጎረቤታችን ልጅ ነች። ፊዚክስ ላስጠናት ቁጭ ብለናል። እኔም ፈጠን ብዬ «ዩኒቱ እንዲስማማ ነዋ!» አልኳት። ጁል ማለት ኪሎግራም በሜትር ካሬ ተባዝቶ ለሰከንድ ካሬ ሲካፈል ነው። ስለዚህ ማስን በፍጥነት ካሬ ካላባዛነው ኢነርጂ አይሆንም። ትንሽ አሰበችና «ታዲያ ለምን እንደ ካይኔቲክ ኢነርጂ ግማሽ የለውም?» አለችኝ። ካይኔቲክ ኢነርጂ የሚንቀሳቀስ ዕቃ ኢነርጂ ነው፤ የማሱና የፍጥነቱ ካሬ ብዜት ግማሽ።

ዝም አልኩ። ልክ ነች። ዩኒት ስኩዌር እንደሚያስፈልግ ይነግረናል እንጂ ፊቱ ላይ ግማሽ ይኑር፣ ሁለት ይኑር፣ ሰባት ይኑር አይነግረንም። እኔም ተማሪ ሳለሁ መምህራችን ሰሌዳው ላይ ጽፈው «ይቺን ያዟት፣ ፈተና ላይ ትመጣለች» ብለው ነው ያለፏት። ያዝናት። መጣች። ማንም ከየት እንደመጣች አልጠየቀም።

ደግነቱ ነገሩን ለማውጣት ካልኩለስ አያስፈልግም። አልበርት አንስታይን በ1946 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን ናቸው) በጣም አጭር የሆነ ዴሪቬሽን፣ ማለትም ቀመሩን ደረጃ በደረጃ የሚያወጣ ሒሳብ፣ አሳትሞ ነበር። ከ1905ቱ የራሱ ሥራ ይልቅ ይቀላል። የምንከተለው እሱን መንገድ ነው። ወረቀት፣ እስክሪብቶና የ9ኛ ክፍል አልጀብራ ያዙ። በመንገዳችን ላይ አንድ ነገር ብቻ እየጠበቃችሁ ሂዱ፦ የብርሃን ፍጥነት ለመጀመሪያ ጊዜ የት ትገባለች? ለሁለተኛ ጊዜስ?

ከመጀመራችን በፊት

ትምህርት ቤት ምልክቶቹን በላቲን ፊደል ነው የተማርናቸው። እዚህ በራሳችን ፊደል እንጻፋቸው፤ ሒሳቡ ምንም አይጎድልበትም። «ኢ» ኢነርጂ ነው። «ማ» ማስ ነው፣ መጽሐፍ ላይ «መጠነ ቁስ» የሚባለው። «ፍ» የአንድ ዕቃ ፍጥነት ነው። «ብ» የብርሃን ፍጥነት ነው፤ በሰከንድ 299,792,458 ሜትር። በወሬ ደረጃ 300,000 ኪሎ ሜትር ይበቃናል።

ሁለት ሕጎች እንዋሳለን። አንደኛው ሞመንተም አይጠፋም የሚለው ነው። ሞመንተም ማስ ሲባዛ በፍጥነት ነው። ባዶ ሲኖትራክና አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ በእኩል ፍጥነት ቢመጡ የጫነውን ማቆም ነው የሚከብደው፤ ሞመንተም ማለት ያ ነው። ዕቃዎች እርስ በርስ ሲጋጩም ሆነ ሲጣበቁ፣ ከውጭ የሚገፋ ከሌለ፣ የሁሉም ሞመንተም ድምር ከግጭቱ በፊትና በኋላ እኩል ነው።

ሁለተኛው የሬላቲቪቲ ሕግ ነው። ቀጥ ብሎ በማይለዋወጥ ፍጥነት የሚሄድ ሰው የሚያየው የፊዚክስ ሕግ ከቆመ ሰው አይለይም። አውሮፕላኑ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር እየበረረ ሻይ ሲቀዳላችሁ ሻዩ ወደ ኋላ አይፈስም፤ ኩባያው ውስጥ ነው የሚገባው። የብርሃን ፍጥነትም ለሁሉም አንድ ነው፤ ማንም ቢለካው ብ ነው።

ደረጃ 1፦ ብርሃን ይገፋል

ብርሃን ማስ የለውም፣ ግን ሞመንተም አለው። ይህን ጄምስ ክላርክ ማክስዌል በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከኤሌክትሪክና ማግኔት ሒሳቡ አውጥቶታል። ኢነርጂው ኢ የሆነ ብርሃን የሚሸከመው ሞመንተም ይህ ነው፦

የብርሃን ሞመንተም = ኢ ÷ ብ

ይህን እዚህ አናወጣውም፤ ከማክስዌል ተበድረን እናልፋለን። ግን በሙከራም የታየ ነገር ነው። ሩሲያዊው ፒዮትር ሌበዴቭ ብርሃን ቀጭን ክንፍ ሲገፋ ለክቶ ውጤቱን በ1901 አሳትሟል። ጃፓኖች በ2010 ያመጠቋት ኢካሮስ የምትባል መንኮራኩር ደግሞ ሸራ ዘርግታ በፀሐይ ብርሃን ተገፍታለች።

ግፊቱ ግን ደካማ ነው። ምድር አካባቢ አንድ ካሬ ሜትር ጥቁር ሸራ ፊቱን ወደ ፀሐይ አድርጎ ቢዘረጋ የሚያርፍበት ግፊት የአንድ ወይም የሁለት የጤፍ ፍሬ ክብደት ያህል ነው። ደካማ የሆነው ግዙፍ ቁጥር ለሆነው ለብ ስለምናካፍል ነው።

የመጀመሪያዋ ብ እቺ ነች። ወረቀታችሁ ጥግ ላይ አስፍሯት።

ደረጃ 2፦ ሥዕሉን ሳሉ

ወረቀቱ መሃል ላይ ትንሽ ክብ ሳሉ። የቆመ ዕቃ ነው፤ ጥቁር ድንጋይ በሉት። ማሱ ማ₁ ነው። ጠፈር ላይ ስለሆነ የሚነካው ነገር የለም።

ከግራ አንድ የብርሃን ብልጭታ ይምጣበት። ከቀኝም ሌላ ይምጣ። ሁለቱ መንትያ ናቸው፤ እያንዳንዱ ½ኢ ኢነርጂ ይዟል፣ ሁለቱም እኩል ደርሰው ድንጋዩ ውስጥ ይሰጥማሉ። ድንጋዩ በድምሩ ኢ ያህል ኢነርጂ አገኘ፤ ትንሽ ሞቀ እንበል።

ድንጋዩ ተንቀሳቀሰ ወይ? አልተንቀሳቀሰም። ከግራ የተገፋውን ያህል ከቀኝ ተገፍቷል። ቆሞ ነበር፣ አሁንም ቆሟል። ማሱ ግን ምናልባት ተለውጦ ይሆናል። ስለዚህ የኋላውን ማስ ማ₂ እንበለው። ከማ₁ ጋር እኩል ከሆነ ሒሳቡ ራሱ ይነግረናል።

ከዚህ ሥዕል ብቻ ምንም አይገኝም። ጨዋታው ያለው ያንኑ ሥዕል ከሌላ ቦታ ማየት ላይ ነው።

ደረጃ 3፦ እየተንቀሳቀሳችሁ እዩት

አሁን ሊፍት ውስጥ እንደገባችሁ አስቡ። ሊፍቱ በማይለዋወጥ ፍጥነት ፍ ወደ ታች ይወርዳል። ከመስታወቱ ውጭ ያንኑ ድንጋይና ያንኑ ሁለት ብልጭታ ታያላችሁ። ለእናንተ ሊፍቱ የቆመ ነው፤ ወደ ላይ የሚሄደው ድንጋዩ ነው፣ በፍጥነት ፍ።

ብልጭታዎቹስ? እዚህ ላይ ቀስ በሉ፤ የዴሪቬሽኑ እምብርት እዚህ ነው። ውጭ ለቆመ ሰው ብልጭታው ሁልጊዜ ከድንጋዩ ጋር አንድ ከፍታ ላይ ነው፤ አግድም ነው የሚመጣው። ለእናንተም ከድንጋዩ ጋር አንድ ከፍታ ላይ መሆኑ አይቀርም። ድንጋዩ ግን እየወጣ ነው። ስለዚህ ብልጭታውም እኩል መውጣት አለበት። ወደ ጎን እየመጣ ወደ ላይም ይወጣል ማለት ነው። መንገዱ ሰያፍ ሆነ።

ይህን ክረምት ላይ ሁላችንም አይተነዋል። ዝናቡ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ቆማችሁ ከሆነ ጃንጥላውን ከአናታችሁ በላይ ትይዛላችሁ። መሮጥ ስትጀምሩ ዝናቡ ከፊት ለፊት ይመጣባችኋል፤ ጃንጥላው ሳታስቡት ወደ ፊት ያጋድላል። ዝናቡ አልተለወጠም፤ የሮጣችሁት እናንተ ናችሁ። እንግሊዛዊው ጄምስ ብራድሊ በ1720ዎቹ ይህንኑ በከዋክብት ብርሃን ላይ አይቶታል። ምድር በፀሐይ ዙሪያ በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሮጣለች። ስለዚህ የኮከቡ ብርሃን ትንሽ ያጋድላል፤ የ30 ለ300,000 ያህል፣ ማለትም አንድ አሥር ሺህኛ። ብራድሊ ቴሌስኮፑን እንደ ጃንጥላ ነው ያጋደለው።

የእኛ ብልጭታ ስንት ያጋድላል? አንድ ሰከንድ ውሰዱ። በዚያ ሰከንድ ብልጭታው በሰያፉ መንገድ ብ ያህል ይጓዛል፤ የብርሃን ፍጥነት ለሁሉም አንድ ነው ብለናል። በዚያው ሰከንድ ከድንጋዩ እኩል ፍ ያህል ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ፦

ወደ ላይ የወጣው ÷ የተጓዘው = ፍ ÷ ብ

ሁለተኛዋ ብ ይኸውላችሁ! የመጀመሪያዋ ከብርሃን ደካማ ግፊት መጣች። ይቺኛዋ ከማጋደል መጣች።

ደረጃ 4፦ ወደ ላይ ያለውን ሞመንተም ብቻ ቁጠሩ

ወደ ጎን ያለውን እርሱት፤ ከግራና ከቀኝ የመጣው ይጣፋል። ሊፍት ውስጥ ሆናችሁ ወደ ላይ የሚሄደውን ብቻ ደምሩ።

ብርሃኑ ከመስጠሙ በፊት ድንጋዩ ማ₁ × ፍ አለው። አንዱ ብልጭታ ጠቅላላ ሞመንተሙ ½ኢ ÷ ብ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ወደ ላይ ያለው ድርሻ ፍ ÷ ብ ነው። ስናባዛቸው፦

(½ኢ ÷ ብ) × (ፍ ÷ ብ) = ½ኢፍ ÷ ብ²

ሁለት ብልጭታ ስላለ በሁለት እናባዛው፤ ኢፍ ÷ ብ² ሆነ። ግማሹ ጠፋ።

ብርሃኑ ከሰጠመ በኋላ የቀረው ድንጋዩ ብቻ ነው፤ ማ₂ × ፍ። በፊትና በኋላ እኩል ናቸው ማለት፦

ማ₁ፍ + ኢፍ ÷ ብ² = ማ₂ፍ

ሁሉም ቦታ ፍ አለ። አካፍላችሁ አውጡት።

ማ₂ − ማ₁ = ኢ ÷ ብ²

አለቀ። ድንጋዩ ኢ ያህል ኢነርጂ ሲውጥ ማሱ በኢ ÷ ብ² ይጨምራል። ብ²ን ወደ ማዶ ስታሻግሯት ከናቴራ ላይ የሚታተመው ኢ = ማብ² ይመጣል። እዚህ «ማ» የጨመረው ማስ ነው።

ሰው የሚሰናከልበት ቦታ

«ቆይ፣ ብርሃኑ ወደ ላይ ከገፋው ድንጋዩ ይፈጥናል እንጂ ለምን ማሱ ይጨምራል?» ልጅቷም እዚሁ ጋ ነው የያዘችኝ። መልሱ ደረጃ 2 ላይ አለ። ውጭ የቆመው ሰው ድንጋዩ ፍንክች ሳይል አይቶታል። እሱ ሳይንቀሳቀስ ያየውን እናንተ ከሊፍቱ ሆናችሁ «ፈጠነ» ማለት አትችሉም፤ ለእናንተ በፊትም ፍ፣ በኋላም ፍ ነው። ሞመንተሙ ጨምሯል፣ ፍጥነቱ አልተለወጠም። ሞመንተም የሁለት ነገር ብዜት ነው። አንዱ ካልተነካ የጨመረው ሌላኛው ነው። መውጫ የለውም።

የግማሹ ጥያቄም እዚሁ ይመለሳል። ካይኔቲክ ኢነርጂ ላይ ግማሽ የሚመጣው ዕቃው ከዜሮ ተነስቶ እስከ ፍ ሲፈጥን አማካይ ፍጥነቱ የፍ ግማሽ ስለሆነ ነው። እዚህ የፈጠነ ነገር የለም። ግማሽ የሚገባበት በር የለም።

ጠንቃቃ አንባቢ ደግሞ «ሊፍቱ በጣም ቢፈጥንስ? ማስ ሲባዛ በፍጥነት ለዝግተኛ ነገር ብቻ አይደል የሚሠራው?» ይላል። ትክክል። ለፈጣን ነገር ሞመንተሙ ጋማ በሚባል ቁጥር ይባዛል፤ ጋማ ማለት 1 ÷ √(1 − ፍ²÷ብ²) ነው። ግን ከሊፍቱ ሲታይ የብልጭታዎቹም ኢነርጂ በዚያው ጋማ ይባዛል። የማጋደሉ ልክ ደግሞ ለማንኛውም ፍጥነት በትክክል ፍ ÷ ብ ነው። ስለዚህ ከላይ ያለው መስመር ላይ ሦስቱም ቁጥሮች በጋማ ይባዛሉ፣ ጋማም እንደ ፍ ተካፍላ ትወጣለች። ውጤቱ ግምት አይደለም፤ ልክ ነው። እኔ ይህን ዴሪቬሽን ከሁሉም አስበልጬ የምወደው ለዚህ ነው።

ከጭማሪው ወደ ሙሉው

እዚህ ላይ ትንሽ ቀማኛ ሆነን እንዳናልፍ። ያወጣነው ስለ ጭማሪው ነው። ኢነርጂ ሲገባ ማስ ይጨምራል፣ ኢነርጂ ሲወጣ ይቀንሳል። ድንጋዩ መጀመሪያ የነበረው ማ₁ም ኢነርጂ ነው ለማለት አንድ እርምጃ ይቀራል። ማሱ እስኪያልቅ ድረስ ኢነርጂ ማውጣት ይቻላል ወይ?

በወረቀት ላይ መልስ የለውም፤ ተፈጥሮን ነው የምንጠይቀው። በ1932 ካርል አንደርሰን ፖዚትሮንን አገኘ፤ በማስ የኤሌክትሮን መንትያ የሆነ፣ ቻርጁ ግን ፖዚቲቭ የሆነ ቅንጣት። ሁለቱ ሲገናኙ ሁለቱም ይጠፋሉ። ቦታቸው ላይ የሚቀረው ብዙውን ጊዜ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚበሩ ሁለት የጋማ ጨረሮች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 511,000 ኤሌክትሮን ቮልት (ለቅንጣቶች የሚሆን በጣም ትንሽ የኢነርጂ መለኪያ)። የኤሌክትሮንን ማስ በብ² አባዙት፣ ወደ ኤሌክትሮን ቮልት ቀይሩት፣ ያው 511,000 ይመጣል። ሙሉው ማስ፣ አንድም ሳይቀር። ትልልቅ ሆስፒታሎች ካንሰር የሚፈልጉበት ፔት ስካን የሚያነበው እነዚህኑ መንትያ ጨረሮች ነው።

ቁጥር እናስገባ

መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ። ማስን በኪሎግራም፣ ፍጥነትን በሜትር አድርጉ። በግራም ወይም በኪሎ ሜትር ያስገባ ሰው መልሱ በሺህ ወይም በሚሊዮን እጥፍ ይስታል። ብ² ወደ 90,000,000,000,000,000 ገደማ ነው፤ ዘጠኝ እና አሥራ ስድስት ዜሮ።

ግማሽ ሊትር ውኃ ጀበና ውስጥ አድርጋችሁ ጣዱ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከ20 ዲግሪ ተነስቶ እዚያ ለመድረስ 150,000 ጁል ገደማ ይወስዳል። ለብ² ስናካፍለው 1.7 ናኖግራም ይሆናል፤ ናኖግራም የግራም አንድ ቢሊዮንኛ ነው። ክዳኑ ገጥሞ እንፋሎት ካላመለጠ የፈላው ውኃ ከቀዝቃዛው በዚያ ያህል ይከብዳል። አንዲት የጨው ቅንጣት ከዚያ በሺዎች እጥፍ ትበልጣለች። በሚዛን አይታይም፤ ለዚህ ነው ሰው ሁሉ ለዘመናት ማስ አይለወጥም ብሎ የኖረው።

አሁን ከፍ እናድርገው። የሕዳሴ ግድብ በዓመት ያመነጫል ተብሎ የታቀደው 15,760 ጊጋዋት ሰዓት ገደማ ነው። ወደ ጁል ቀይሩት፣ ለብ² አካፍሉት። 0.63 ኪሎግራም! የአገሩን ሽቦ ሁሉ የሚሞላው የዓመት ኤሌክትሪክ በማስ ሲመዘን ከአንድ ኪሎ ስኳር ያንሳል። ፀሐይ ደግሞ በየሰከንዱ ከ4 ሚሊዮን ቶን በላይ ማስ በብርሃን መልክ ትረጫለች።

ሒሮሺማ ላይ የፈነዳው ቦምብ ያወጣው ኢነርጂ በዚሁ ስሌት ከአንድ ግራም ያነሰ ነው፤ 0.7 ግራም ገደማ። ብዙ ሰው ይቺ ቀመር የቦምብ አሠራር ትመስለዋለች። አይደለችም። ምድጃ ላይ የሚነድ ከሰልም በዚችው ቀመር ማስ ያጣል፤ አንድ ኪሎ ከሰል ሲነድ የሚጠፋው የማይክሮግራም ሲሶ ገደማ ነው። ቀመሯ ሒሳብ ትይዛለች እንጂ እሳት አትለኩስም።

አንስታይን ራሱ መጀመሪያ እንዴት ጻፋት?

ከናቴራው ላይ እንዳለው አይደለም። በ1905 በርን ውስጥ የፓተንት ቢሮ ሠራተኛ ነበር፤ ዕድሜው 26። መስከረም መጨረሻ ላይ ለመጽሔት የላከው ጽሑፍ ሦስት ገጽ ብቻ ነው፣ ርዕሱም ጥያቄ ነው። እዚያ ዕቃው ብርሃን አይውጥም፤ ወደ ሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ ይተፋል። ኢነርጂውን የጻፈው በኤል ፊደል፣ የብርሃን ፍጥነትን በትልቁ ቪ ነው። ያለውም ዕቃው ኢነርጂ ሲያጣ ማሱ በዚያ ኢነርጂ ሲካፈል ለቪ ስኩዌር ይቀንሳል ነው። መጨረሻ ላይ በራዲየም ጨው ይፈተን ይሆናል ብሎ ጠቆመ።

ፈተናው የመጣው ከ27 ዓመት በኋላ ነው። በ1932 ካምብሪጅ ውስጥ ጆን ኮክሮፍትና ኧርነስት ዋልተን ሊቲየምን በፕሮቶን መቱት። ሁለት የሂሊየም ኒውክሊየስ ወጣ። ከመምታቱ በፊት የነበረው ማስ ከኋላው ይበልጣል፤ የጎደለው ማስ ለሁለቱ ሂሊየሞች ሩጫ ከዋለው ኢነርጂ ጋር ገጠመ። በ2005 የወጣ ሌላ ልኬት ደግሞ የቀመሩን ሁለት ጎን አስተያይቶ ልዩነት ካለ ከ0.00004 በመቶ እንደማይበልጥ አሳይቷል።

የቤት ሥራ

ስልካችሁን ቻርጅ ስታደርጉ ይከብዳል ወይ? ባትሪው 5,000 ሚሊአምፒር ሰዓት፣ 3.85 ቮልት ነው እንበል። ሁለቱን አባዙ፣ ለ1,000 አካፍሉ፣ 19.25 ዋት ሰዓት። በ3,600 አባዙ፣ 69,300 ጁል። ከዚያ ለብ² አካፍሉ።

የጎረቤታችን ልጅ መልሱን 0.77 ናኖግራም አለችኝ። ትክክል ነበር። ከዚያ ስልኳን ከቻርጀሩ ነቅላ በእጇ ትንሽ መዘነችውና «ጋሼ፣ የብርሃን ሞመንተም ኢ ለብ ነው ያልነውን ግን አላወጣነውም፤ ተበደርነው እንጂ» አለች። እሱን ለቅዳሜ ቀጥሬያታለሁ።